ከብሪንክ በር በላይ

ሉድገር መጀመሪያ ቤታችን የመጣው አውሎ ነፋስ የሰነጠቀውን የትልቁን በር ጉበን ሊቀይር ነው። እኔ ከመሰላሉ ወድቆ አንገቱ ሲሰበር እየታየኝ መሰላሉን ከታች ጨምድጄ ስይዝ፣ ልጄ ጌዚነ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አልቻለችም።

«ብሪንክ ምን ማለት ነው?» አላት፣ አሮጌው እንጨት ላይ የተቀረጸውን ስማችንን እየዳበሰ።

«የቆምክበት ነዋ። ከረግረጉ ከፍ ያለ፣ ሣር የለበሰ ዳርቻ። ያንተስ፣ ኦቨርቤክ?»

«ከጅረቱ ማዶ ማለት ነው።»

«ታዲያ ማዶህን ትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሳቀ። ቀና ብላ አየችው። እሱም ሥራውን ረስቶ አያት፤ እኔም በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

እዚህ ዌስትፋሊያ ገጠር ስም የሚወረሰው ከመሬቱ ነው። እርሻ የምትወርስ ልጅ ያገባ ወንድ የአባቱን ስም ትቶ በእርሻው ስም ይጠራል። አባቴም፣ ሟቹ ባሌም እንዲሁ ነው የገቡት። ሉድገር ግን ለአባቱ ብቸኛ ልጅ ነው። አባቱ ባለፈው ክረምት ከሞቱ ወዲህ ኦቨርቤክ የሚባል ሌላ ሰው የለም፤ ስሙንም አብሬ አልቀብረውም፣ ባገባሽም አልለውጠውም ብሎ ለጌዚነ ነግሯታል። አባቴ በበኩሉ፣ ብሪንክ ያልሆነ ሙሽራ በዚህ በር አይገባም አለ። ጌዚነ ምግብ ተወች። እኔ ትሞትብኛለች ብዬ በየጓዳው አለቀስኩ።

አዲሱ ጉበን የሚሰቀልበት ቅዳሜ ደረሰ። ጎረቤቶች እንጨቱን ሊያነሱ ቢራቸውን ይዘው መጡ። እንደ ልማዳችን ቤቱን የሚወርሱት ጥንዶች ስም የሚቀረጽበት ቦታ ገና ባዶ ነው። ሉድገር መሮውን ይዞ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው አባቴ።

«እርስዎ ወደዚህ ቤት ሳይገቡ ስምዎ ማን ነበር?»

እኔ ልጁ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። በንዴት እዚሁ ይዘረራል ብዬ ወንበር ሳብኩለት።

«ኮተር» አለ አባቴ። «የጎጆ ሰው ማለት ነው። ወንድሞቼ ሁሉ በዚያ ስም ተቀበሩ። እኔ መቃብራቸው ጋ እንደ እንግዳ ነው የምቆመው።»

ወንበሩን ሳይነካ ወደ መስኩ ዞረ።

«ይሄ ዳገት እኔ ሳልመጣም ብሪንክ ነበር፤ ማንም ቢኖርበት ብሪንክ ነው። የአባትህን ስም ጻፍ፣ ልጄ።»

ሉድገር «ጌዚነ ብሪንክ» ብሎ ቀረጸ፤ ከጎኑም «ሉድገር ኦቨርቤክ»። ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ ተረፈች። ጌዚነ መሮውን ተቀበለችው። ጣትሽን ትቆርጪዋለሽ ብዬ ለመንኳት፤ አልሰማችኝም። በተጣመመ ጽሑፍ ኮተር የሚል ስም ጨመረችበት።

በሠርጋቸው ቀን በዚያ በር ሲገቡ ጉበኑ ይወድቅባቸዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጌዚነ ባሏን እየሳመችው ነበር። አባቴ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ የራሱን ስም ያነብባል።