ቅዳሜ የሄደው አውሮፕላን

ኻሊፋ በዚያ የየካቲት ሰኞ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ሲገባ ጸሐፊዋ ዙሌይኻ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ኳስ ተጫዋቾች ዕድሜያቸውን ሊያስቀንሱ መጥተው ሦስቱንም መልሳለች።

ዘመኑ 1964 ዓ.ም. ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ለወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሊመርጥ አሰብ ከተማ ሰንብቶ፣ ከከተማው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ መርጦ ሄዷል፤ የወደቡን ቡድን የግራ ክንፍ ኻሊፋን። ግን ከሃያ ዓመት በታች መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱን የምትጽፈው ደግሞ ዙሌይኻ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። ስም?»

«ኻሊፋ ዳርዊሽ።»

መዝገቡን ገለጠች። «ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው» አለችው።

«አሥራ ዘጠኝ ነኝ።»

«እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው። ያስመዘገብከውም ራስህ ነህ፤ ፊርማህ ይኸው።»

ኻሊፋ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ያኔ አባቴ ገና መሞቱ ነበር። ወደብ ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይቀጥሩም። አሥራ አምስት ሆኜ አሥራ ስምንት ነኝ ብዬ ዋሸሁ። አሁን ግን እውነቴን ነው።»

«ሁለቱንም ጊዜ የሚጠቅምህን ነው የተናገርከው።»

ይህን ካለች በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ መስመር የሠራበት ልጅ ነው። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ዙሌይኻ ያለችው ቃል ቆጫት።

«የት ተወለድክ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዒድ መንደር፣ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር። ቃዲው የልጆችን ልደት የሚጽፉበት ደብተር አላቸው።»

«የእሳቸው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይምጣልኝ። በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ።»

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውሮፕላን የሚነሣው በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ኻሊፋ ከሥራ ከቀረ ይባረራል፤ ስለዚህ በአንድ ዓሣ አጥማጅ እጅ ለቃዲው ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ መዝገብ ክፍሉ በር ላይ ይቆማል።

«መጣ?»

«አንተ የላክኸውን እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?»

ዙሌይኻ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አክስቷ ኻዲጃ ቤት ድረስ አብረው መሄድ ጀመሩ፤ እሱ በመንገዱ ወዲያ ጠርዝ፣ እሷ በወዲህ ጠርዝ፣ ሰው እንዳያማቸው ተራርቀው። ስለ ኳስ ሲያወራ እጁ ጭምር ያወራል። አሸዋ ላይ መጫወት የለመደ እግር ሣር ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ነገራት። ሣር ያለው ሜዳ ረግጦ አያውቅም።

«አዲስ አበባ ከሄድክ ትመለሳለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ እዚህ እያለሽ?»

በማግስቱ ቀዩን ሻሿን አሥራ መጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዓሣ አጥማጁ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቃዲው ለሠርግ ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል ተባለ። ኻሊፋ ያን ቀን በር ላይ አልቆመም፤ ቀጥ ብሎ ገባ።

«አምስት ቀን ቀረኝ። እስካሁን ታውቂኛለሽ። ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ።»

«ጻፊልኝ እንግዲህ።»

«የእኔ ማመን ማኅተም አይሆንም፣ ኻሊፋ።»

«እኔማ ከሰው ጋር የማወራ መስሎኝ ነበር» ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልገፋውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ዙሌይኻን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

አለቃዋን አቶ አሥራትን በምስክር ይጻፍለት ብላ ለመነቻቸው።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። «ሦስቱን መልሰሽ ለአራተኛው ብትጽፊ፣ ነገ እኔና አንቺ ምን እንባላለን?»

እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቃ፣ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከአክስቷ ጋር ወደ ዒድ በሚሄድ ባለ ሸራ ጀልባ፣ በሳንቡክ ተሳፈረች። ተስፋ ሰጥታው ባዶ እጇን እንዳትመለስ ብላ ለኻሊፋ ምንም አልነገረችውም።

ሲሄዱ የደቡቡ ነፋስ ከኋላ ሆኖ ገፋቸው፤ ሳይመሽ ዒድ ገቡ። ቃዲው ተመልሰዋል። ደብተራቸውን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላት። የዳርዊሽ ልጅ ኻሊፋ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር። ዙሌይኻ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልጁ አልዋሸም።

ሐሙስ ጠዋት ግን ያው ነፋስ ከፊታቸው ቆመ።

«ዛሬ አንወጣም» አለ የሳንቡኩ ባለቤት።

«ነገስ?»

«ነፋሱን ጠይቂው።»

ዓርብም አልወጡም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አውሮፕላኑ ከአሰብ ሲነሣ፣ ዙሌይኻ ወረቀቱን ይዛ ዒድ ዳርቻ ላይ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር።

ኻሊፋ ዓርብ ዕለት መዝገብ ክፍሉ ድረስ ሄዶ ነበር። ፈቃድ ወጥታለች አሉት። ፊቴን ላለማየት ሸሸች አለ በልቡ። እሑድ ነፋሱ በርዶላት ሰኞ ወደ ሥራ ስትመለስ እሱ በር ላይ አልነበረም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ወደብ በር ላይ ጠብቃው በሌላው በር ወጣ። ሐሙስ ወደ ኳስ ሜዳው ሄደች፤ ጓደኞቹ ሁሉ እያዩዋት አሸዋውን አቋርጣ ፊቱ ቆመች።

«ቆመህ ስማኝ» አለችው።

«ምን ቀረሽ?»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። ቀኑን አየ፣ ማኅተሙን አየ። ደግሞ ቀኑን አየ።

«ዒድ ሄድሽ?»

«ነፋሱ ያዘን።»

«ለምን አልነገርሽኝም? አሠልጣኙን በቴሌግራም እለምነው ነበር...»

ይህን አላሰበችውም። «አላሰብኩትም» አለች። «ይቅር በለኝ።»

ኻሊፋ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «እኔም ሸሸችኝ ብዬ ስምሽን በክፉ ሳነሣ ነው የሰነበትኩት» አለ። «አንቺም ይቅር በዪኝ።»

በማግስቱ ለአሠልጣኙ ቴሌግራም መቱ። መልሱ አጭር ነበር፤ ዝርዝሩ ተዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜው ያልፋል።

የወጣቶቹ ብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በሬዲዮ የተላለፈ ዕለት አክስቷ ኻሊፋን ቤታቸው ጠራችው። የግራው ክንፍ ሌላ ልጅ ነው፤ አሻግሮ የሰጣት ኳስ ጎል ሆነች። ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ኻሊፋም አጨበጨበ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ዙሌይኻ አክስቷን አየቻት፤ አክስቷ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተቻት።

ባሕሩ ዳር ደረሰችበት።

«አዝነሃል» አለች።

«ተናድጃለሁ። በነፋሱ፣ በዚያ መዝገብ፣ በዚያ በዋሸው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ...» ድንጋይ አንሥቶ ሳይወረውር ጣለው። «ባገባሽ ይህ ንዴት የሚለቀኝ እንዳይመስልሽ።»

ዙሌይኻ ቃሉን ልብ አለች። ባገባሽ ነው ያለው።

«እንደማይለቅህ አውቃለሁ» አለች። «እኔንም አይለቀኝም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሽማግሌ ላክ።»

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። አክስቷ ኻዲጃ ሦስት ጊዜ አመላለሰቻቸው፤ በአራተኛው እሺ አለች። ኻሊፋ ለወደቡ ቡድን ጉልበቱ እስኪከዳው ተጫወተ። የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር እስከ ዕረፍት ሰምቶ ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል። ዙሌይኻ ትንሽ ብቻውን ትተወዋለች። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ፣ ልጃቸውን በጀርባዋ አዝላ ትከተለዋለች።