ጉንዳኖቹ የት ሄዱ?

ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ ከጅማ ተጠርቶ አጋሮ ሲደርስ የአቶ ዓምደሚካኤል ሳልስት አልፏል። ገዳይ የተባለችውም ተይዛለች። የቀረው እርሷን ማሳመን ብቻ ነበር።

«ሠራተኛይቱ ሶረቲ ናት» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ነጋሳ። «ሽማግሌው የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ ጠዋት ማታ ኢንሱሊን የምትወጋቸው እሷ ነች። ሐኪሙ ስኳራቸው ወጥቶ ነው የሞቱት አለ። እሷን ወዲያው ያዝናት፤ በማግስቱ ብልቃጡን መድኃኒቱ ከሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ገንቦ አውጥቶ መረመረ፤ መድኃኒቱ ደህና ነው። ስለዚህ አልወጋቻቸውም። ነገ ወደ ጅማ ወህኒ እንልካታለን።»

«ለምን ብላ?»

«ቤቱን አወርስሻለሁ ብለዋት ነበር። ቸኮለች።»

በሟች ቤት ባለቤታቸው እትዬ ውብነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የሟች የወንድም ልጅ ፈለቀ ለለቅሶተኛ ወንበር ይደረድራል። በረንዳው ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ጠግባ ተኝታለች፤ አጠገቧ ያለው ጥግ አመድ ተነስንሶበታል።

«አመዱ ለምንድን ነው?»

«ለጉንዳን።»

«ጉንዳን ግን አላየሁም።»

«ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል» አሉ እትዬ ውብነሽ።

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ ድመቷን ዳበሳት። ማጅራቷ ላይ ጸጉሯ ተሸልቷል።

«ቁስል ነበረባት» አሉ፣ ሳይጠየቁ።

ቁስል አልነበረም። የመርፌ ነቁጥ ነበር።

«ድመቷ ታማ ነበር እንዴ?» አለው ፈለቀን።

«ስለ ድመት ምን አውቃለሁ? እኔ መድኃኒቱን ከጅማ አመጣለሁ፣ ገንቦው ውስጥ አኖራለሁ፤ በቃ። ይቺ ልጅ ግን ሃምሳ አለቃ፣ ገና ስትገባ ዓይኗ ቤቱ ላይ ነበር።»

ደምመላሽ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ።

«አንድ ቀን እንኳ አላጎደልኩም» አለች ሶረቲ። «ውሃ ጠማኝ ሲሉ፣ ሲያስታውካቸው፣ ሁሌም ወግቻቸዋለሁ።»

«ጉንዳኖቹ የት ሄዱ?»

ፊቷ በራ። «ጠፉ እንዴ? ዳነች?» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ዋቃዮ! አስምለውኝ ነበር እኮ።»

«ያስማለሽ ሰው ሞቷል። አንቺ ደግሞ ነገ ትሄጃለሽ።»

ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሶረቲም በዘበኛ ታጅባ መጣች።

«ድመቷ የስኳር በሽተኛ ናት» አለ ደምመላሽ።

ነጋሳ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«እየበላች ከሳች። ውሃ አይበቃትም ነበር። በሸናችበት ጉንዳን ይወርራል፤ ስኳር አለበታ። ጅማ ያለው የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ጠዋት ማታ ከምግብ ጋር ጥቂት ኢንሱሊን አዘዘላት። ሽማግሌው ከራሳቸው ብልቃጥ ያካፍሏት ጀመር። ጉንዳኑም ጠፋ።»

«የሰው መድኃኒት ለድመት?» ነጋሳ ብድግ አለ። «ይሄ እኮ ፀረ ሕዝብ...»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ግድያውን እንጨርስ። እንዲህ እንደሚሉ ስለሚያውቁ ነው ሽማግሌውና እትዬ ውብነሽ ከሰው ሁሉ የደበቁት። የመጨረሻው ብልቃጥ ከመጣ በኋላ ድመቷ እንደገና ውሃ ውሃ አለች። ጉንዳኑ ተመለሰ። ሽማግሌውም በዚያው ሳምንት ውሃ ጠማኝ አሉ።»

«ሁለቱንም ሳትወጋ ቀርታስ?» አለ ፈለቀ።

«እትዬ ውብነሽ፣ ድመቷን ስትወጋት ማን ነው የሚይዝላት?»

«እኔ ነኛ። መርፌው ሲገባ በዓይኔ አያለሁ።»

«ተወጋች፣ አልዳነችም። ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው። ሶረቲ ስትታሰር እትዬ ውብነሽ ከዚያው ገንቦ እያወጡ ወጓት፤ ዳነች። ታዲያ ውሃውን በመድኃኒት የቀየረው ማን ነው? ሶረቲ ያኔ ተቆልፎባት ነበር። እትዬ ውብነሽ ቢሆኑ ኖሮ የሚያጋልጣቸውን ምስክር በገዛ እጃቸው አያድኑም። የቀየረው ሰው ድመቷ ከብልቃጡ እንደምትካፈል የማያውቅ ነው። ደግሞም እውነተኛውን ብልቃጥ ከጅማ ተቀብሎ ማስቀረት የሚችል፤ ቤቱም ለሶረቲ ሲሰጥ ውርሱ የሚቀርበት።»

ፈለቀ ድመቷ ላይ አፈጠጠ።

«ድመት ይታከማል ብሎ ማን ያስባል?» አለ፣ ከልቡ እንደተበደለ ሰው።

ዘበኛው የሶረቲን ክንድ ለቆ የእሱን ያዘ።

ፈለቀ ከተወሰደ በኋላ ነጋሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመድኃኒቱን ነገር ግን ዝም ብለን አናልፈውም።»

«ድመቷ ምስክር ናት» አለ ደምመላሽ። «ፍርድ እስኪሰጥ በሕይወት መቆየት አለባት።»

ሶረቲ እንባዋን ጠርጋ ብልቃጡን ከገንቦው አወጣች። ሌላ ጊዜ በሩን ትዘጋ ነበር፤ ዛሬ ወለል አድርጋ ተወችው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች መርፌውን ቀና አድርጋ፣ «ይይዙልኛል?»

ነጋሳ ደጁን አየ፣ ደምመላሽን አየ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ድመቷን ያዘ።