ምክንያቴን ልጠይቃት

የሆስፒታሉን የመረጃ ቋት የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የመድኃኒት መጋዘኑን ደግሞ እሱ። ባልደረቦቻችን «ጠብታ» ይሉታል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ዓይን መድኃኒት ተቆጥሮ ስለሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖርኩ። ሰኞ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ልዛወር ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ እሱ ግን አሁንም ትንፍሽ አላለም። ተናድጄበታለሁ። እወደዋለሁም።

ከምሳ በኋላ ደወለልኝ።

«ኧረ ድረሽልኝ! ኮምፒውተሩ ላይ ትዕዛዝ የምጽፍበት ጥቁሩ መስኮት ዘጋኝ። ስህተት ነውም አይል፣ መልስም አይሰጥ።»

«ሰውን እየዘጋህ ማን ይመልስልህ!» አልኩና ወረድኩ።

በየጊዜው የሚቀየረውን የመድኃኒቱን ስም አየሁት፤ በትክክል ተቀምጧል። የጥቅስ ምልክቶቹም ተዘግተዋል። ትዕዛዙ ራሱ እኔ የጻፍኩለት ነው፣ ከፋይል ገልብጦ የለጠፈው። ታዲያ ምን ጎደለ? ጎንበስ ብዬ ትዕዛዙን የምትዘጋውን የመጨረሻዋን ምልክት ሳያት ሳቄ አመለጠኝ።

«ይቺን በእጅህ ነው የጻፍካት?»

«እሷን ብቻ።»

«የአማርኛ ድርብ ሰረዝ እኮ ነው ያስገባኸው! ማሽኑ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነው። ትዕዛዝህ አላለቀም ብሎ፣ ቀሪውን እስክትነግረው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትተኸዋል ማለት ነው። ለማን ስትጽፍ ነበር?»

ከኋላ ያለውን ገጽ ሊዘጋ ሲጣደፍ ቀደምኩትና ከፈትኩት።

«ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለመጠየቅ» ይላል። የጠየቀው ቅርንጫፍ እኔ የምዛወርበት ነው። ከታች «ምክንያቴም» ብሎ ቆሟል።

ልቤ ዘለለ። ጣቴን ያቺ ቃል ላይ አሳረፍኩ።

«ምክንያቱን ለምን አልጻፍከውም?»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሸሽ ዓይኔን አየኝ።

«ምክንያቴን መጀመሪያ ልጠይቃት ብዬ ነዋ። እወድሻለሁ። ልከተልሽ?»

እንባዬ መጣ፣ ሳቄም አብሮ።

«ምክንያቴ ተስማምታለች ብለህ ጻፍ» አልኩት።

የኔ ሞኝ፣ ቃል በቃል ጻፈውና ወደ ሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ቢሮ ይዞት ገባ። አስተዳዳሪው ማመልከቻውን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ።

«ልጄ፣ ይቺ ተስማማች የተባለችው ምክንያት ማን ናት?»

«አቤት!» ብዬ ገባሁ።

እየሳቁ ፈረሙ።