ሁለቱ የአያቷ እጆች

የበሩ ደወል ሲጮህ ሶልቢ ከክፍል ጓደኛዋ ከዩቢን ጋር በስልክ የሒሳብ የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። እየሠሩ ነበር ይባል እንጂ፣ ዩቢን እየገለበጠች ነበር።

«ማነው? የተጠበሰ ዶሮ አዘሽ ነው እንዴ? ያለ እኔ?»

«ዝም በይ እስቲ።» ሶልቢ ደጅ የቆመውን ሰው ወደምታሳየው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለችው ትንሽ ስክሪን ተጠጋች። አባቷ ከቤት ከወጣ ወዲህ ደወል በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ ስክሪኑን ታያለች።

ስክሪኑ ላይ የታዩት ግን አያቷ ናቸው፤ የአባቷ እናት። በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ ኪምቺ፣ የሞላበት ትልቅ ሳጥን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል።

«በኋላ እደውልልሻለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

«ሶልቢዬ፣ እኔ ነኝ። የዘንድሮውን ኪምቺ አምጥቼላችሁ ነው። ክፈቺልኝ የኔ ልጅ።»

እጇ ወደ በሩ ሄደ። ብርዱ ሊገባ ሲል አያቷ ዘንድ ተሰብስበው ጎመኑን በበርበሬ ሲያሹ፣ የመጀመሪያዋን ቅጠል ጠቅልለው አፏ ውስጥ የሚከቱላት እሳቸው ናቸው። ማን አያቱን ብርድ ላይ ያቆማል?

«ማንም ቢመጣ እንዳትከፍቺ» ብላለች እናቷ። ስለ አያቷ ግን ምንም አላለችም።

አባቷ የእናቷን እጅ የሰበረ ጊዜ ፖሊስ መጣ። ፍርድ ቤቱም ከቤቱ መቶ ሜትር እንዳይጠጋ፣ እንዳይደውልም አዘዘ፤ ትእዛዙን ከጣሰ ይታሰራል። ጉዳያቸውን የያዘችው ፖሊስ የበሩን ቁልፍ የሚከፍተውን የምስጢር ቁጥር ወዲያው አስቀየረቻቸው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩ የሶልቢ የልደት ቀን ነበር።

«አያቴ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልሆን?» አያቷ ሳቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ግራ ሄዶ ተመለሰ። «ምነው፣ እንደ ሌባ በር ላይ ትመረምሪኛለሽ? እጄ ዛለ እኮ።»

«እማዬ የለችም።»

«ገብቼ እጠብቃታለኋ። ስንት ሰዓት ትመጣለች?»

ሶልቢ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የበሩ ቁልፍ ጮኸ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ስክሪኑን አየች። የአያቷ ሁለት እጆች ከሳጥኑ አልተነሡም።

ቁልፉ ቁጥሩን አልቀበልም ብሎ አንቧረቀ። ከዚያ እንደገና ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ከስክሪኑ ውጭ የቆመ ሰው የልደቷን ቀን እየነካ ነበር። ትኩስ ኬክ ይዞላት በሚመጣባቸው ቀናትም፣ ጠጥቶ በሚመጣባቸውም ቀናት፣ አነካኩ ያው ነው።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ናት። «ከአውቶቡስ ወረድኩ። ለእራት ቶፉ ልግዛ?»

የሊፍቱ በር የሚከፈተው ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። እናቷ ቶፉውን አንጠልጥላ ከሊፍቱ ስትወጣ በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት።

«አትምጪ» ብላ ጻፈች። «ሱቁ ውስጥ ቆዪ። አባዬ በር ላይ ነው።»

ከዚያ ወደ ፖሊስ፣ 112 ደወለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እስክትለጥፈው የጥሪው ድምፅ በድምፅ ማጉያው ደጅ ድረስ ተሰማ።

«ሶልቢዬ» አሉ አያቷ። ድምፃቸው አሁን ሌላ ነበር። «ለማን ነው የምትደውዪው? ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያናግራት። ልጄን እንዳታሳስሪብኝ።»

አጠገባቸው ያለው ሰው ሲተነፍስ በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«ፖሊስ ነው» አለ የስልኩ ድምፅ። «መናገር የማይችሉ ከሆነ ማንኛውንም ቁጥር ሁለት ጊዜ ይንኩ።»

ይህን ዘዴ ትምህርት ቤት መጥታ የነበረች አንዲት ፖሊስ ለክፍሉ ነግራ ነበር። ያን ቀን ዩቢን «እኔ ብሆን አስር ጊዜ ነው የምነካው» ብላ ክፍሉን አስቃለች።

ሶልቢ ስክሪኑን አየች። የአያቷ ጣቶች በበርበሬ ቀልተዋል፤ ሳጥኑን አሁንም አልለቀቁትም።

«አያቴ» አለች በቀስታ፣ «ሳጥኑን መሬት ያስቀምጡት። ይከብድዎታል።»

ከዚያ አውራ ጣቷን ከስልኩ ቁጥሮች አንዱ ላይ አሳረፈች፤ አንዴ። ደገመችው።