የይመኙሻል መኪና

ጀምበሩን የሰደበው አለቃው ኒሲም ነው። በሐኑካ ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት፣ በቀረጥ ምርመራ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ የበዓሉን ዶናት እየበላ። ስኳሩ ከንፈሩ ላይ ነበር። «ከአንተ የምንፈልገው ፊትህን ነው። ጭንቅላትህን ቤት ተወው» አለው በሰው ፊት። ሰዉ ሳቀ። አቃቤ ሕጓ ሜራቭ ብቻ አልሳቀችም፤ እሷም ብትሆን ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ቀጥሎ የምስጢር ስም ሲያወጣለት ኒሲም ለማሰብ እንኳ አልደከመም። «ሾኮ» አለ። ሕፃናት በላስቲክ የሚመጥጡት የቸኮሌት ወተት ነው።

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ጀምበሩ ያንን ስኳር ዛሬም ያየዋል።

አሁን ግን የቂም ሰዓት አይደለም። የመኪናው ቁልፍ እየመጣ ነው።

ክርያት ሞጽኪን፣ ሐይፋ አጠገብ፣ ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ፣ ቀትር ላይ። ጀምበሩ የሹፌር ጃኬቱን እንደለበሰ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከላይ ሁለተኛው አዝራር የሚያዳምጥ፣ የሚቀዳ አዝራር ነው።

ኦዝ ከጥግ ብቅ አለ። እዚሁ የተወለደ የጎንደሬ ልጅ፣ ጫማው ነጭ፣ ጥርሱ ነጭ። ሥራው ድለላ ነው።

«ካሳው፣ አሒ፣ ወንድሜ! ያዝ!»

ቁልፉን በአየር ላይ ቀለበው። ካሳው የሽፋን ስሙ ነው። ከዚያ ሐኑካ ወዲህ በዚህ ስም ይበላል፣ በዚህ ስም የአገሩ ሰው በሚበዛበት ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ያድራል።

መኪናው ትልቅ ነው፣ ነጭ ነው፤ የመቀመጫው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ኦዝ ኮፈኑን እንደ በሬ ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው።

«ይሄ አውሬ መርከብ ላይ ወንድም ነበረው። ያው ሞተር፣ ያው ቆርቆሮ። ወንድሙ ግሪክ ወረደና በመጠነኛ ዋጋ ተሸጠ። ይሄኛው የሐይፋን በር ሲያልፍ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

«ለምን?» አለ ጀምበሩ። መልሱን ያውቀዋል። አዝራሩ ግን ከኦዝ አፍ መስማት አለበት።

«ለምን ይለኛል እንዴ! እዚህ አገር መኪና አይሠራም፤ ስለዚህ መንግሥት መኪናን እንደ ሽቶ ይቀርጠዋል። በዚያ ላይ ይሄን ዓይነት የሚያስመጣው አንድ ሰው ነው። ተፎካካሪ የለበት፣ ዋጋውን እንዳሻው ነው የሚጠራው።»

«አለቃህ ኢዲት ታዲያ በምን ታረክሳለች?»

«በእግር።» ኦዝ ሳቀ። «በአሮጊት እግር። እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ቀረጡ ይቀነሳል። በአሮጊቷ ስም ይገባል፣ ሀብታሙ ይነዳዋል። ሕጉ ባለቤቱ ካልነዳ ዘመድ ይንዳ ይላል፤ እኛም ለወረቀቱ አንተን የመሰለ የወንድም ልጅ እንፈልግላታለን። ቤሰደር፣ ተስማማን?»

«ቤሰደር።»

ኦዝ ግን ትንሹ ዓሣ ነው። ትልቋ ኢዲት ናት፤ ቼክ ፖስት መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ያለው የመኪና ግቢ ባለቤት። ዛሬ ገዢው ባለስሟን አሮጊትና «የወንድም ልጇን» በዓይኔ ልይ ብሏል። ኢዲት በገዛ እጇ ቁልፍ ታስረክባለች፣ በገዛ አፏ ትናገራለች፣ ከዚያ የኒሲም ሰዎች ይወጣሉ። ጀምበሩ ለዚህ ሥራ እሺ ያለው በአንድ ቃል ነው። ኒሲም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሮጊቶቹ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይሆኑም» ብሎታል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ኦዝ፣ ገብቶ እየተቀመጠ። ሳቁ ጠፍቷል። «ኢዲት መሃላችን ጆሮ አለ ትላለች። መጀመሪያ ሴትዮዋ ትይህ፤ የማን ልጅ እንደሆንክ ትጠይቅህ።»

ክርያት ያም ባሕሩ ዳር ናት። የመንግሥት ቤቶቹን በር ጨው በልቶታል። እማማ ይመኙሻል በምርኩዝ እየተንፏቀቁ ከፈቱላቸው። ከወገራ ከመጡ ብዙ አልቆዩም። እግራቸው ግን ከዚያም በፊት ነው የከዳቸው።

«ግቡ፣ ግቡ። ቆማችሁ አትቅሩብኝ።»

«ሻሎም እማማ፣ ደህና ነሽ?» አለ ኦዝ፣ ተቀመጥ ሳይባል ሶፋው ላይ እየተዘረጋ።

«አንቺ የሚለኝ ባሌ ነበር» አሉት። «እሱም ሞቷል።»

ጀምበሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ያዙት።

«እሰይ! ወግ የሚያውቅ መጣ። የማን ልጅ ነህ?»

ኦዝ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

«የወርቅነህ ልጅ ነኝ። ከደምቢያ።»

«ወርቅነህ የማን?»

ቢሮው አባት ሰጥቶታል። መንደር ሰጥቶታል፣ መታወቂያ ሰጥቶታል። አያት ግን አልሰጠውም። እነ ኒሲም ሰው አባቱ ላይ የሚያበቃ ይመስላቸዋል። በጎንደር ትልቅ ሰው ፊት አባት ደጃፉ ነው፤ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የማይችል ሰው ስሙ የተዋሰው ነው።

ዝም ካለ ጠፋ።

ፈጥሮ ከተናገረም ጠፋ። እማማ ደምቢያን ቤት ለቤት የሚያውቁ ይመስላሉ።

ትልቅ ሰው ሲጠይቀው በልጅነቱ የለመደውን አፉ ብቻውን አወጣው።

«የይርጋ።»

እውነተኛ አያቱን።

«ይርጋ ቢተው? የወገራው ቀጥቃጭ?»

«ወገራ?» ኦዝ ከሶፋው ተነሳ። «ደምቢያ አላልክም እንዴ፣ አሒ?»

ጀምበሩ በሩን በዓይኑ ለካ። ኦዝ መንገዱ ላይ ቆሟል።

እማማ ይመኙሻል የጀምበሩን ግንባር ነበር የሚያዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኦዝ ላይ ዞሩ።

«ወገራ ተወልዶ ደምቢያ ያገባ የለም? አገሩን አታውቅ፣ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ!» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «እንግዳ ቢተውን ወለደ፤ ቢተው ይርጋን። እንግዳ ደግሞ ወለቴን ወለደ፤ ወለቴ አባቴን። ሰባት ቤት ሳይሞላ ተገናኘን፣ እልል በሉ!» ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት። እንባቸው ፊቱ ላይ ቀረ። «የሥጋ ዘመዴ ነው።»

ኦዝ ጭብጨባውን አቀለጠው። «የሐሰት ዘመድ ስንፈልግ እውነተኛው ተገኘ! የላ፣ እንሂድ።»

ጀምበሩ አልሳቀም። ምስክር ሊወስድ ነበር የገባው። አክስት ይዞ ወጣ።

እማማ መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄ ነው የኔ? ሐኪም ቤት የሚያደርስሽ ብለው አስፈርመውኝ፣ ሳየው ዛሬ ገና ነው!» ከኋላ ከመቀመጣቸው በፊት ነጠላቸውን ላስቲኩ ላይ አነጠፉ። «ባለቤቱ ቢቆጣስ?»

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» አላቸው ጀምበሩ።

መንገዱ ጭር ብሏል። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ በስተቀኝ፣ የካርሜል ተራራ ከፊት። ኦዝ ጠዋት ሙዚቃ ሊሰማ ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶት ነበር። በአዲስ መኪና ስልክ ኪስ ውስጥ አይጮህም፤ ከየግድግዳው ነው የሚጮኸው። ጮኸ። ኦዝ ሊዘጋው ጣቱን ሰደደ። ሰሌዳውን ገና አልለመደውም።

ከፈተው።

የኢዲት ድምፅ መኪናውን ሞላው። በዕብራይስጥ፣ በጥድፊያ።

«ኦዝ፣ ግቢው ድረስ አትምጣ። አሮጊቷንና ሹፌሩን በር ላይ ጥለህ ዘወር በል።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ከኒሲም ጋር ተስማምቼ ጨርሻለሁ። ባለስሞቹን ይይዛል፤ እኔን አይነካኝም። ነገ በዜና የውሸት አካል ጉዳተኞች ተያዙ ይባላል፣ እሱ ይሾማል፣ አለቀ።»

«ሹፌሩስ?»

«ሹፌሩ? እሱማ የኒሲም ጆሮ ነው። ሾኮ ነው የሚለው።»

መስመሩ ተዘጋ።

የቼክ ፖስት መብራት ቀይ ሆነ።

ኦዝ ወደ ሹፌሩ መቀመጫ ዞረ።

«አንተ ነህ» አለ ኦዝ።

«እኔ ነኝ።»

«የእኛ ልጅ ሆነህ!»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ? እሳቸውን የሸጥካቸው አንተ አይደለህም?»

ኦዝ መቅጃውን ፍለጋ ወደ ጀምበሩ ጃኬት ተወረወረ። ጀምበሩ አንጓውን ያዘው። ተናነቁ። ከኋላ ምርኩዝ መሃላቸው ገባ።

«ተዉ! በኔ መኪና ውስጥ አትደባደቡም!»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጡሩንባ ጮኸ። ኦዝ እጁን መነጨቀ፣ በሩን ከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ኔቬ ዮሴፍን ደግመህ አትረግጣትም። ፊትህን ለእያንዳንዱ ቤት እነግራለሁ» አለና በመኪኖቹ መሃል ሮጠ።

ጀምበሩ ነዳ። የኢዲት ግቢ በር መጣ። ከበሩ ማዶ ግራጫ መኪና ቆሟል፤ ያውቀዋል፣ የቢሮው ነው። አላቆመም።

የጀምበሩ ስልክ ወዲያው ጠራ።

«ሾኮ፣ በሩን አለፍከው።» ኒሲም ነው።

«አይቻለሁ።»

«ተመለስ። ሴትዮዋን እዚያው ተዋት፤ አዝራሩን ለኔ።»

«ምስክር ናቸው ብለኸኝ ነበር።»

«የማስበው እኔ ነኝ። አንተ ንዳ።»

ነዳ።

ግራጫው በመስታወቱ ውስጥ ታየ። ቀረበ። ጀምበሩ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ ወደ ኔቬ ዮሴፍ ወጣ። ወራቱን ሙሉ ለኦዝ «ዘመዶችን» ሲያመላልስ መታጠፊያዎቹን በልቡ ይዟቸዋል። ከፊት የቆሻሻ መኪና በኋላ ማርሽ ወደ እነሱ እየመጣ ነው። መንገዱ ለሁለት አይበቃም።

እግሩን ነዳጁ ላይ ጫነ።

የጎን መስታወቱ ግንቡን ፋቀ። አለፈ። የቆሻሻው መኪና ከኋላው መንገዱን እንደ በር ዘጋው፤ የግራጫው ጡሩንባ ብቻ ተከተላቸው።

«ይርጋ» አሉ እማማ ይመኙሻል ከኋላ ቀስ ብለው፣ «ወርቅነህ የሚባል ልጅ አልነበረውም። አንድ ልጁ ታከለ ነው።»

ጀምበሩ መሪውን ጨበጠ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«በባዕድ ፊት ዘመድ ይጋለጣል?»

የአቃቤ ሕጓ የሜራቭ ቢሮ መሃል ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ነው። ያለ ቀጠሮ ገባባት። አዝራሩን በጥሶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። አዳመጠች። የኒሲም ስም ሲጠራ ፊቷ ነጣ።

«ይሄ ሁሉንም ያስረዳል» አለች። «ግን የቀዳው ሰው በእውነተኛ ስሙ ካልፈረመ ዋጋ የለውም። ከፈረምክ ደግሞ ከዚህ ሥራ ወጣህ ማለት ነው። የእናንተ ሰዎችም—»

«አውቃለሁ። ሴትዮዋስ?»

«ምስክር።»

«እሱም እንዲሁ ብሎ ነበር።»

ሜራቭ ዓይኗን አልሰበረችም። የምስክርነቱን ቃል በእሱ ፊት ጽፋ አስቀድማ ፈረመችበት። ያኔ ብዕሩን ወሰደ። ዕብራይስጡ ጠማማ ነው፤ በወጉ አልተማረውም። የተሰጠው ቦታ ለሁለት ስም ብቻ የሚበቃ ነበር። ሦስት አስገባበት። ጀምበሩ ታከለ ይርጋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኢዲት ከነቁልፎቿ ተያዘች። ኦዝ ባቡር ጣቢያ ላይ ተያዘ።

እማማ ይመኙሻል ኮሪደሩ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቁታል። አስተርጓሚዋ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ጃኬቱን አዩት። አዝራሩ የነበረበት ቦታ ክር ተንጠልጥሏል።

«ቤቴ ስትገባም ነበረ?»

«ነበረ፣ እማማ።»

«ስስምህም?»

«ያኔም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እግዜር ያሳድርህ» አሉት፤ መንገደኛን እንደሚሉት። የሳሙት ጉንጩ ገና አልደረቀም ብሎ ይምላል። ቤታቸው ግን ለእሱ ተዘግቷል።

ደረጃው ላይ ኒሲም ቆሟል። መታወቂያ ካርዱን ከአንገቱ ወስደውበታል። ከንፈሩ ላይ ዛሬ ስኳር የለም።

«ከመንገድ ያነሳሁህ እኔ ነኝ!» ጮኸ። ሰዎች ዞረው አዩ። «ማን ስለሆንክ ነው፣ ሃ? ንገረኝ! ማን ነህ አንተ?»

ጀምበሩ መልስ አላጣም። እስከ ጉሮሮው ደርሶለታል፤ ታከለ፣ ይርጋ፣ ቢተው፣ እንግዳ። ያንን ሰኞ ጠዋት ይህ ሁሉ አልነበረውም።

ለዚህ ሰው ግን አይቆጠርም።

ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለ፣ ደረጃውን ወረደ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የወደብ ሠራተኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ላስቲክ ከረጢት ያንጠለጠሉ ሰዎች ቆመዋል። መሃላቸው ገባ።

ከኋላው ኒሲም አሁንም ይጠይቃል።

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።