በአንድ ድንኳን

ሲስተር ኢልዜ ሁለቱን ባርኔጣዎች ገልብጣ ጠጠሮቹን ሣሩ ላይ ዘረገፈቻቸው። የትኛው ክምር እንደሚበልጥ ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገም።

«የቡድኑ መሪ እንኳየሁ!» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

ልጃገረዶቹ አጨበጨቡ። ከሁሉም ቀድማ ያጨበጨበችው ተፎካካሪዋ ጥሩ ነበረች፤ ትንሹ ክምር የእሷ ነው። «ሸጋ ነው! ይገባሻል» ብላ እንኳየሁን አቀፈቻት። እንኳየሁ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን አልታዘዝ አላት።

ስካውት ለጎንደር ሴት ተማሪዎች አዲስ ነገር ነበር። ያመጣችላቸው ሲስተር ኢልዜ ናት፤ ሆስፒታል የምትሠራ ጀርመናዊት ነርስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰብስባ ገመድ መቋጠር፣ ቁስል ማሰር፣ በካርታ መሄድ ታስተምራቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን በአገሯ ያለው ማኅበር እንዴት እንደተዋቀረ ነግራቸው ነበር።

«ስድስት፣ ሰባት ልጅ አንድ ቡድን ነው። መሪውን ቡድኑ ራሱ ይመርጣል፤ አስተማሪ አይመርጥም። ብዙ ቡድን አንድ ላይ ሲሆን ደግሞ... ነገድ ይባላል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሲስተር፣ ነገድ እኮ በዘር ነው!» አለቻት የቄስ ልጅ የሆነችው ለተ ማርያም።

«እኛ ጋ በዘር አይደለም። ቃል የገባ ሁሉ ይገባል።»

ማኅበሩን የናዚ መንግሥት እንዳፈረሰው፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አገሪቱን የያዙት ጦሮች ሲፈቅዱ እሷና ጓደኞቿ በፈራረሰ ከተማ መካከል እንደ አዲስ እንደጀመሩትም አውርታላቸዋለች። ከዚያም የምትመረጠው መሪ አዲስ አበባ በሚደረገው ትልቅ ስብሰባ ጎንደርን ወክላ እንደምትሄድ ተናገረች። እንኳየሁ በዕድሜዋ ከአዘዞ አልፋ አታውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት።

ችግሩ፣ ጥሩ ትበልጣት ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጥሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከወለቃ መንደር በየቀኑ በእግሯ የምትመጣ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ቤተ እስራኤሎች ናቸው፤ አባቷ ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ከእንኳየሁ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንኳየሁና የክፍላቸው ልጅ አምሳል ቀሐ ወንዝ ልብስ ሊያጥቡ ወረዱ።

«ጥሩ ከተመረጠች እኮ ካምፕ ስንወጣ ምግብ የምታድለን እሷ ናት» አለች እንኳየሁ ልብሱን እያሸች።

«ታዲያስ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ሰው ስለ ወለቃዎች የሚለውን ታውቂያለሽ። የምናድረው ደግሞ በአንድ ድንኳን ነው።»

አምሳል የያዘችውን ልብስ ለቀቀችው። «ቡዳ ናት ነው የምትይኝ?»

እንኳየሁ ትከሻዋን ሰበቀች። ቃሉን ከራሷ አፍ አለማውጣቷ ያን ጊዜ ብልጠት መስሏት ነበር። ወሬውን ለሌሎቹ ያዳረሰችው አምሳል ናት።

በጥቅምት ወር የሆስፒታሉ ላንድሮቨር ወደ ኮሶዬ ይዟቸው ወጣ። ሹፌሩ አያ ሰጠኝ መንገድ ላይ ለማረፍ ሲያቆም ልጆቹ ከአንድ ገበሬ ማሳ የባቄላ እሸት ለምነው እየፈለፈሉ በሉ፤ አምሳል ታቅፋ ነበር የተመለሰችው። ኮሶዬ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከገደሉ አፋፍ ሥር የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይነጫል። ከጀርመን የመጣው ጥቁር ድንኳን አራት ቁራጭ ጨርቅ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚተከል ነበር። እንኳየሁ በመሪነቷ ብታዝዝም የመቆለፊያው ነገር አልገባ ሲላት ጥሩ ምንም ሳትናገር ይዛ አሳየቻት። ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ አቃጠላት።

ምሳ በልተው ብዙም ሳይቆዩ አምሳል ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጣጠፈች።

«በላችኝ!» ብላ ጮኸች። «ጥሩ በላችኝ! ስጎርስ አይታኛለች!»

ሲስተር ኢልዜና አያ ሰጠኝ ውሃ ሊቀዱ ምንጭ ወርደው ነበር። ልጆቹ ከጥሩ ሸሹ። አንዷ «ትትፋባትና ትዳን!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ «ትትፋባት! ትትፋባት!»

የጥሩ ፊት አመድ መሰለ። «አልተፋም» አለች።

«ምናለበት፣ አንዴ ብቻ» አለች ለተ ማርያም እያለቀሰች። «ልትሞት ነው እኮ!»

«ብተፋ፣ ነኝ ማለት ነው። አልተፋም።» ከዚያ ወደ እንኳየሁ ዞረች። «ምነው ዝም አልሽ? ንገሪያቸው እንጂ። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

እንኳየሁ ዐይኗን ወደ ገደሉ አዞረች።

ሲስተር ኢልዜ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። የአምሳልን ሆድ ዳሰሰች፤ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ አስመለሰቻት። የወጣው ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

«ባቄላ!» አለች። «ጥሬ ባቄላ፣ በጣም ብዙ። ሌላ ምንም የለም።»

አምሳል ቀስ በቀስ ሻል አላት፤ ልጆቹ ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። «ሲስተር፣ እኛ ከጥሩ ጋር አንተኛም። ማኪናው ውስጥ ትደር» አሉ። ጥሩ ማንም ሳይነግራት ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ላንድሮቨሩ ሄዳ ነበር።

ሲስተር ኢልዜ እንኳየሁን አየቻት። «መሪ አንቺ ነሽ። ይህ ወሬ ከየት መጣ?»

«አላውቅም» አለች እንኳየሁ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

ነርሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር» ብላ ጀመረች። «በእኛ ቡድን አንዲት ልጅ ነበረች። ሩት። አይሁድ ናት። አንድ ቀን ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ሩት አትምጣ። እሷ ቀረች። እኛ ቅዳሜ መጣን፤ ዘፈንን። ትንሽ ቆይቶ የእኛንም ማኅበር ዘጉት።»

«ሩትስ?» አለች ለተ ማርያም።

«ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩን ስንጀምር ሁሉን ነገር ፈለግን። የተደበቀ ድንኳን አገኘን። ባንዲራ አገኘን። ሩትን አላገኘንም።» ብድግ አለች። «እኔ እንጨት ልሰብስብ። ማን የት እንደሚተኛ ቡድኑ ይወስናል። መሪ አላችሁ።»

ሄደች። ልጆቹ ሁሉ እንኳየሁን ማየት ጀመሩ። «ማኪናው ውስጥ ትደር» ብትል ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም።

«አምሳል» አለች። «ወንዝ ዳር ያልኩሽ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ስለ ጥሩ ያልኩሽ። እንዳትመረጥ ብዬ ነው።»

አምሳል በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ! እኔ ምን አውቄ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ለሲስተርም ዋሸሁ። ማኪናው ውስጥ ማደር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«አዲስ አበባ ለመሄድ ብለሽ?» አለች ለተ ማርያም ቀስ ብላ። እንኳየሁ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

የማኪናው በር ሲዘጋ ሰሙ። ጥሩ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። በመካከላቸው አልፋ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ብርድ ልብሷን አነጠፈች። ለተ ማርያም የራሷን ሰብስባ ቦታ ሰጠቻት። ሌሎቹ ባሉበት ቀሩ፤ የሚያጉረመርሙም ነበሩ።

እንኳየሁ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተንበረከከች። «ጥሩዬ...»

«እናቴ ልትከለክለኝ ነበር» አለች ጥሩ ሳታያት። «‹እዚያ ሄደሽ ምን ሊሉሽ ነው?› አለችኝ። ‹እንኳየሁ አለች፤ ማንም ምንም አይለኝም› አልኳት። አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

ጥሩ ፊቷን ወደ ጨርቁ አዞረች።

በማግሥቱ ወደ ጎንደር ሲመለሱ አያ ሰጠኝ ወለቃ ላይ ማኪናውን አቆመ። ጥሩ አመስግናው ወረደች፤ ማንንም ሳትሰናበት ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ማኪናው ተነሣ። ከዚህ በኋላ ፒያሳ ነው፣ ከፒያሳ ቤት። የጥሩ እናት እንደሆነች እንኳየሁን አይታት አታውቅም።

«አያ ሰጠኝ፣ ያቁሙልኝ!»

«ምነው? ዕቃ ረሳሽ?»

«እዚህ ነው የምወርደው። ወደ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ።»

አያ ሰጠኝ ሲስተር ኢልዜን አያት። እሷ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችላት።

እንኳየሁ ሮጣ ጥሩ ላይ ደረሰች። ጥሩ ዞራ አየቻትና «ምን ልታደርጊ?» አለቻት። መልስም ሳትጠብቅ መንገዷን ቀጠለች። እንኳየሁ ከኋላዋ ተከተለች።

የጥሩ እናት ከደጃፏ ተቀምጣ የጀበና አንገት ታበጅ ነበር። ሁለቱን ስታይ ጭቃ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች፤ ፊቷ በራ።

«ሁልጊዜ የምታወሪልኝ እንኳየሁ እሷ ናት? ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ምነው ቆምሽ?»

ጥሩ ወደ እንኳየሁ ተመለከተች።

«ከመግባቴ በፊት» አለች እንኳየሁ፣ «የምነግርዎ ነገር አለ።»