ባለቤቴ ያጣው ህመም

ይሄን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ሰው አልነገረኝም፣ በህልሜም አልመጣብኝም። ዛሬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሱቃችን ውስጥ የሆነ ነው። ማመን የከበደው እዚሁ ላይ ይተወኝ። ለመከራከር ጉልበቱ የለኝም።

እኔና ባለቤቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ከፊት ሱቁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የምንኖርባት ክፍል። አንዲት ልጅ አለችን፤ አራት ዓመቷ ነው። ድንቡሼ እንላታለን።

ባለቤቴን የቀኝ እጁ አንጓ ያመው ነበር። ህመም ስላችሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ... መቀስ ሲያነሳ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ማሸቱም፣ ማሰሩም፣ መርፌውም ጠብ አላለለትም።

በመጨረሻ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን።

«ስሜት የሚያስተላልፈውን ነርቭ እንቆርጠዋለን። እጅህ ይሠራል፤ ግን ምንም አይሰማውም። እሳትም ቢሆን። ከዚህ በኋላ በዓይንህ ጠብቀው።»

ቆረጡት።

ህመሙ ጠፋ። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ።

እጁ ግን ሌላ ሆነ። ማላብ ተወ። ቆዳው ደረቀ። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ሄደ። ስነካው ቀዝቃዛ ነው።

እሱ እንደሆነ ቀልደኛ ነው፣ አያርፍም። እኛ ሰፊዎች ካውያ መጋሉን በረጠበ ጣት ነካ አድርገን ነው የምናውቀው፤ ቸስ ሲል ጣታችንን እንነጥቃለን። እሱ መንጠቁን ተወው። ስፒልም ጣቱ ጫፍ ላይ እየሰካ ይሠራ ጀመር።

«ከዚህ የተሻለ የስፒል መሰኪያ ከየት ይመጣል?» እያለ ደንበኛ ያስቃል።

ድንቡሼ ማልቀስ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው።

ደህና ስትጫወት ቆይታ ቀኝ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ትጮሃለች።

«ወጋኝ!»

«ማን ነው የወጋሽ?»

«እንጃ...»

እጇን አገላብጬ አያለሁ። ጭረት እንኳ የለም። ጤና ጣቢያ ብወስዳት «የልጅ ነገር ነው» ብለው መለሱኝ።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር። ከሱቁ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

ቸስ...

ልጄ እሪ አለች።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ባለቤቴ ጣቱን ካውያው ላይ አሳርፎ ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዟል። ሥጋ ሥጋ ይሸታል።

«አንሳው!»

አነሳው። ድንቡሼ ዝም አለች።

ተያየን።

ደንበኛውን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ መርፌ አነሳ።

«አታድርገው» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንዴ ብቻ... እንወቀው።»

የቀኝ ጣቱን በጫፉ ብቻ ነካ አደረገው። ከመጋረጃው ጀርባ «እማዬ! ወጋኝ!» የሚል ጩኸት መጣ።

ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሐኪሙ እግር ላይ ወደቅን።

«ዶክተር፣ ህመሜን ይመልሱልኝ» አለው። «እኔ እችለዋለሁ። እሷ ልጅ ናት... አትችለውም።»

ሐኪሙ ያበድን ነው የመሰለው። አልፈርድበትም። «የቆረጥነው ነርቭ ተመልሶ አይቀጠልም» ብሎ ሸኘን።

መንገድ ላይ ባለቤቴ ቆመ።

«እጄን ከነአካቴው ባስቆርጠውስ?»

«ሲቆረጥ የሚያመው ማንን ነው?» አልኩት።

ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ደረቱ ላይ አቅፎ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ያንን እጅ እንደ እንቁላል ያዝነው። በጥጥ ጠቅልለን፣ በፋሻ አስረን፣ ትራስ ላይ አስቀመጥነው። ስፌቱን ብቻዬን ያዝኩት። ድንቡሼ መጮህ ተወች። እኔም እፎይ አልኩ።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ፋሻውን ልቀይርለት ፈታሁት። እጁ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ መዳፉ ወደ ላይ። ድንቡሼ በሩ አጠገብ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታጣጥፋለች።

ሳቀች።

«ምን አሳቀሽ?»

«እጄን እየዳበሰኝ ነው።»

«ማን?»

«እንጃ... ደስ ይላል።»

ባለቤቴን አየሁት። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ቀኝ እጁን ማንም አልነካውም።

መዳፉ ላይ ግን ቆዳው ስርጉድ ይላል... ይመለሳል... ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ስርጉድ ይላል።

«ምን ሆንሽ? ምንድን ነው የምታዪው?» አለኝ። አልተሰማውማ!

እጁን በሁለት እጄ አፈፍ አደረግኩት። ልጨብጠው ብል አልጨበጥ አለኝ። በእኔ መዳፍና በእሱ መዳፍ መሃል የሆነ ነገር ነበረ። ጣቶች ነበሩ።

«ልቀቃት!» ብዬ ጮህኩ። ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም።

«እማዬ... አሁን እየጎተተኝ ነው።»

ዞርኩ። ድንቡሼ ቆማለች። ቀኝ እጇ፣ ትልቅ ሰው መንገድ ሲያሻግራት እንደሚይዛት፣ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። ወደ በሩ እየሄደች ነው።

ዘልዬ ወገቧን ያዝኳት። በእግሬ በሩን ገፍቼ ዘጋሁት።

ይሄን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ልጄን ይዣታለሁ። አልለቃትም። የምታውቁት ነገር ካለ... እባካችሁ፣ ማንም ይሁን፣ ምን ላድርግ?

ባለቤቴ ከወንበሩ ተጎትቶ ወርዶ በደረቱ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። የእሱም የእሷም ቀኝ እጅ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

እሱ ያለቅሳል። ድንቡሼ ግን ቀና ብላ በሩን እያየች፣ በለሆሳስ...

«እሺ፣ መጣሁ» ትላለች።